ዳግመኛ ያየ ሰው የሚያስተውለው

ባቢሎን የሚለውን ስም የሰማ ክርስቲያን አሳቡ ወዲያው ወደ ሰናዖር ሜዳ፥ ቋንቋ ወደ ተደባለቀበት ግንብ፥ ከዚያም ከአገራቸው ርቀው በወንዝ ዳር ወዳለቀሱት ምርኮኞች ይሄዳል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገርላት ባቢሎን ግን መሠረቷ በምድር ላይ የተጣለ አይደለም። «ባቢሎን 5» ተብሎ በአሜሪካ አገር የተዘጋጀ፥ የሙከራ ፊልሙ በ1993፥ ዋናው ተከታታይ ክፍል ደግሞ ከ1994 እስከ 1998 በቴሌቪዥን የታየ የሳይንስ ልብ ወለድ ድርሰት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ታሪኩ የሚፈጸመው በሃያ ሦስተኛው መቶ ዓመት፥ በጠፈር ላይ በምትሽከረከር፥ ርዝመቷ አምስት ማይል በሆነ አንዲት ጣቢያ ውስጥ ነው። በዚያች ጣቢያ የሰው ልጆችና ከሌሎች ዓለማት የመጡ ሕዝቦች፥ በድምሩ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ነፍስ፥ ዳግመኛ ጦርነት እንዳይነሣ እየተመካከሩም እየተጣሉም ይኖራሉ። ልሳናቸው የተለያየ ወገኖች ለመግባባት የሚደክሙባት ከተማ ስለ ሆነች ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ከእርሷ በፊት የተሠሩት ሦስት ባቢሎኖች በአሻጥር ፈርሰዋል፤ አራተኛይቱ ደግሞ ሥራ በጀመረች በ24 ሰዓት ውስጥ የገባችበት ሳይታወቅ ጠፍታለች። ይህችን የመጨረሻይቱን ነገር አንባቢያችን በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ መርከቦቹንና ጦርነቱን ማድነቅ አይደለም። በኮምፒዩተር የተሣሉት የጠፈር መርከቦች በዘመናቸው አዲስ ነገር ስለ ነበሩ የሙከራ ፊልሙ በምስል ጥበቡ ኤሚ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል፤ ዛሬ ግን የልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታ እንኳ ይበልጣቸዋል። ያላረጀው ሌላ ነገር ነው። ደራሲው ሚስተር ጆሴፍ ማይክል ስትራዚንስኪ ድርሰቱን ገና ከጅምሩ በአምስት ዓመት የሚፈጸም፥ መጀመሪያም መካከልም መጨረሻም ያለው አንድ ረጅም ልብ ወለድ አድርገው አሰቡት። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ተጀምሮ በራሱ ያልቃል፤ የዚህ ሳምንት ኀዘን ለሚመጣው ሳምንት አይተርፍም። እርሳቸው ግን ከ110ሩ ክፍሎች 92ቱን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመትማ ሌላ ጸሓፊ ሳይገባበት ብቻቸውን ጨረሱት። መድረሻውን የሚያውቅ ሰው የጻፈው መጀመሪያ፥ መድረሻው ከታየ በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ወደ ፊት የሚሆነውን አስቀድሞ በጥቂቱ መጠቈምን «ንግር» ይሉታል። ንግር ግን ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዱ «ልብ በሉ!» እያለ ይጮኻል፤ ሙዚቃው ያጕረመርማል፥ ካሜራው በአንድ ቢላዋ ላይ ቈሞ አልነሣም ይላል፥ ያ ቢላዋ ደም እንደሚያይ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ለማየት ምክንያት የለም። ሌላው ዐይነት ግን በግልጽ ተነግሮ ሳለ ይሰወራል። ቅኔ የቈጠረ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ኅብረ ቃሉ በሰሙም በወርቁም እውነት ነው፥ ሰሙን ብቻ የሰማ ሰውም አልተዋሸም፥ ነገር ግን ገና አልሰማም። ስትራዚንስኪ የተካኑት በዚህኛው ነው።

አነስተኛውን ምሳሌ እናስቀድም። ሴንታውሪ የተባለው አሮጌ መንግሥት በጣቢያይቱ ያለው አምባሳደር ሎንዶ ሞላሪ ይባላል፤ ረዳቱ ቪር ኮቶ ደግሞ ድንጉጥ፥ ቃል የሚተናነቀው፥ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ወጣት ነው። ሞርደን የሚባል፥ ልብሱ የጸዳ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው፥ ለክፉ ጌቶቹ ሎሌ ሆኖ በጣቢያይቱ እየዞረ ሰዎችን ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። በ1995 ቪርን ሲጠይቀው ያ ፈሪ ሰው ድንገት ቀና ይልና፥ የሞርደን ራስ ተቈርጦ በእንጨት ላይ ተሰክቶ እስኪያይ ድረስ ብቻ መኖር እንደሚበቃው፥ ያን ጊዜም በእጁ እንደሚሰናበተው ይነግረዋል፤ አሰነባበቱንም ጣቶቹን እያወዛወዘ ያሳየዋል። ተመልካች ይስቃል፤ ቪር አንድ ጊዜ እንኳ አፉ ተፈታለት ብሎ ይደሰታል። በ1997 ቪር በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ ቈሞ ቀና ሲል የሞርደን ራስ በእንጨት ላይ ነው። እጁንም አንሥቶ እነዚያኑ ጣቶች ያወዛውዛል። ይህን ያስደረገለት ሎንዶ ነው፥ እንደ ስጦታ። ተመልሶ የ1995ቱን ክፍል ያየ ሰው ያ ሳቅ በጕሮሮው ይቀርበታል፤ የሰማው ቧልት አልነበረምና።

ዋናው ምሳሌ ግን የሎንዶ የራሱ ሕልም ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ።

ሎንዶን መጀመሪያ የምናውቀው እንደ ቧልተኛ መኰንን ነው። ይጠጣል፥ ቍማር ይጫወታል፥ ጠጕሩን እንደ ጣዎስ ጅራት አቁሞ ስለ ጠፋው የአገሩ ክብር ያወራል። ባላጋራው የናርን አምባሳደር ጂካር ነው። ናርኖች በሴንታውሪዎች ቀንበር ሥር በባርነት ኖረው በብዙ ደም ነጻ የወጡ ሕዝብ ናቸው፤ ጂካርም ያን ቂም እንደ ሰይፍ ታጥቆ ይዞራል። በ1994 በታየው በመጀመሪያው ክፍል ናርኖች የሴንታውሪዎችን ሰላማዊ የእርሻ ሰፈር ይወርራሉ፤ የሎንዶም ዘመድ በዚያ አለ። በዚያው ክፍል ሎንዶ ለጣቢያይቱ አዛዥ ለጄፍሪ ሲንክሌር አንድ ምሥጢር ይነግረዋል። የሴንታውሪ ሰዎች አሟሟታቸውን በሕልም ያያሉ፤ እርሱም አይቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ሸምግሎ፥ እጆቹ በአንድ ሰው ጕሮሮ ላይ፥ የዚያም ሰው እጆች በእርሱ ጕሮሮ ላይ ሆነው፥ ሁለቱ ተናንቀው ይሞታሉ። ጂካርን ገና ሲያየው የሕልሙ ሰው እርሱ መሆኑን ዐወቀ።

ይህን የሰማ ተመልካች ምን ይፈርዳል? ሁለቱ ጠላቶች እስከ መቃብር ይጣላሉ ማለት ነው ይላል። ጥፋቱም የጂካር ነው ብሎ ይደመድማል፤ ወራሪው እርሱ ነዋ። ሕልሙንም በዚሁ ፍርድ ጠቅልሎ በልቡ ሣጥን ያስቀምጠዋል።

በ1996 «ፍጻሜ የሌለው ጦርነት» በተባለው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ የዚያ ሕልም ፍቺ ይታያል። ዘመኑ ወደ ፊት ተሻግሯል። ሎንዶ የሴንታውሪ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል፤ ነገር ግን ዙፋኑ ባዶ ነው። ጠላቶች አንዲት ክፉ ፍጥረት በትከሻው ላይ ተክለውበት፥ ከሥጋው ጋራ ተጣብቃ የሚያየውን ታያለች፥ እንደ ፈቀደችም ታዝዘዋለች። አንድ ደካማ ጐን ብቻ አላት፤ እርሱ ሲጠጣ እርሷ ታንቀላፋለች። አንድ ሌሊት አብዝቶ ጠጥቶ ያስተኛትና፥ የሚገደሉ ሁለት እስረኞችን ነጻ ያወጣል። ፍጥረቲቱ ስትነቃ ግን እስረኞቹን ታሲዛለች። ስለዚህ ሎንዶ በጨለማው ውስጥ የቆየውን የዱሮ ወዳጁን ጠርቶ፥ ሳትነቃ በፊት ሕይወቱን እንዲያሳልፍለት ይለምነዋል። ያ ወዳጅ ጂካር ነው። ጂካር እጆቹን በሎንዶ ጕሮሮ ላይ ያደርጋል። ፍጥረቲቱ ትነቃለች፤ በእርሷም ኀይል የሎንዶ እጆች ያለ ፈቃዱ ተነሥተው የጂካርን ጕሮሮ ይይዛሉ። አብረው ይሞታሉ።

ሕልሙ በአንዲት ቃል እንኳ አልሐሰተም። እጆቹ እነዚያው ናቸው፥ ሽምግልናውም ያው ነው፥ ሰውየውም ጂካር ነው። የተለወጠው የእኛ ፍርድ ነው። የጥላቻ መጨረሻ የመሰለን ነገር የወዳጅነት መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ደራሲው አላታለሉንም፤ ያዩትን ነገሩን፥ ትርጓሜውን የጨመርንበት እኛው ነን። ከሁሉም የሚያሳዝነው የሕልሙ ባለቤት ራሱ ከእኛ ያልተሻለ መሆኑ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ የአገራችን ሰዎች። ሎንዶ ሕልሙን በጥላቻ ስለ ፈታው በመጨረሻው ሌሊት የሚደርስለትን አንድ ሰው ለብዙ ዘመን እንደ ነፍሰ ገዳዩ ሲያየው ኖረ። (ሞትን መለመን ለክርስቲያን ቤት አርኣያ ይሆናል ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ድርሰቱም ቢሆን የሚያዝንለት እንጂ የሚያመሰግነው አይደለም።)

እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው ወደ መጀመሪያው ዓመት ተመልሶ ሲያይ በየማእዘኑ የማያውቀው ነገር ይገጥመዋል። የሎንዶ ጠርሙስ መጀመሪያ ማሣቂያ ነበረ፤ አሁን ግን ያ ጠርሙስ አንድ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነጻ የሚያወጣው ብቸኛ መሣሪያ መሆኑን እያወቅን ስናየው እንዴት እንሥቃለን? በ1994ቱ «ምልክትና ድንቅ» በተባለው ክፍል ሞርደን ጥያቄውን ለጂካርም ለሎንዶም ያቀርባል። ጂካር የሴንታውሪዎችን ጥፋት እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ከዚያስ በኋላ ሲባል ግን አገሩ በደኅና ከኖረች ሌላው ግድ እንደሌለው ይመልሳል። ሎንዶ የዱሮው ክብር ሁሉ እንዲመለስለት ይመኛል። በመጀመሪያ ጊዜ የጂካር መልስ ይበልጥ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ደም የጠማው እርሱ ነውና። ሁለተኛ ሲያዩት ግን የጂካር ምኞት ድንበር እንዳለው፥ የሎንዶ ግን እንደሌለው ያስተውላሉ። ሞርደንም የመረጠው ድንበር የሌለውን ነው።

በ1995 የታየው «የጥላዎች መምጣት» በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው፤ በ1996 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ክፍል ሽማግሌው የሴንታውሪ ንጉሠ ነገሥት ሕዝባቸው በናርኖች ላይ ስላደረገው ግፍ ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ጣቢያይቱ ይመጣሉ። ታመው ይወድቃሉ፤ የይቅርታ ቃላቸው ግን ለጂካር ይደርሰዋል። ጂካር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አድርጎ፥ እየሣቀ ወደ ሎንዶ ሄዶ መጠጥ ይጋብዘዋል፤ ለንጉሠ ነገሥቱም ጤና ጽዋውን ያነሣል። ሎንዶ ግን በሞርደን ጌቶች እጅ በናርኖች ላይ አደጋ እንዲጣል አስቀድሞ አዝዟል፤ ረዳቱ ቪር ይህን አታድርግ ብሎ ለምኖት አልሰማውም። ጽዋውን ይዞ ሲቀመጥ ፊቱን ተመልከቱ። መጀመሪያ የታየን ሰው የገባበት ኀፍረት ነው። መጨረሻውን ካየን በኋላ ግን እነዚህ ሁለቱ ሰዎች በመጠጥ ፊት የሚገናኙበት ሌላ ሌሊት እንዳለ እናውቃለን።

በዚሁ ክፍል ሎንዶ እንደ ገና ያልማል፤ አሁን ሕልሙን እኛም በዐይናችን እናየዋለን። በሕልሙ ያለው ጂካር አንድ ዐይኑ የለም፥ በጨርቅ ተሸፍኗል። ከአንድ አፍታ የማይበልጥ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ሰው አያየውም፤ ያየውም ሽማግሌ ለማስመሰል ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1996፥ ካርታጂያ የተባለ እብድ ንጉሠ ነገሥት የጂካርን ዐይን ያስወጣል። በሕልሙ ደግሞ ሎንዶ ቀና ብሎ በአገሩ ሰማይ ላይ ጥቍር መርከቦች ሲያልፉ ያያል፤ ይህም በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ እንዳለ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሁሉ አስቀድሞ ከታየ ሎንዶ ምን ምርጫ ነበረው? የሚሆነው ሊሆን ግድ ከነበረ በእርሱ ላይ መፍረድም ማዘንም ከንቱ አይደለምን? ደራሲው ይህን ጥያቄ ያልዘነጉት ይመስላል። በ1996 መጀመሪያ የሟቹ ንጉሠ ነገሥት ሚስት የነበረችው ወይዘሮ ሞሬላ ወደ ጣቢያይቱ መጥታ ለሎንዶ ትነግረዋለች። (በሞሬላ ስም የተጫወቱት ማጄል ባሬት፥ የ«ስታር ትሬክ» ፈጣሪ የጂን ሮደንቤሪ ሚስት የነበሩት ናቸው፤ የአንዱ ድርሰት ቤተ ሰብ ለሌላው እጁን የሰጠበት መልካም አጋጣሚ ነበረ።) ሞሬላ የምትለው ይህ ነው፤ ሎንዶ ዕድሎቹን ሲያባክን ኖሯል፥ ነገር ግን በመንገዱ መጨረሻ ከሚጠብቀው እሳት የሚድንባቸው ሦስት ዕድሎች ገና ቀርተውለታል። የማያየውን ዐይን ማዳን አለበት፤ አስቀድሞ የሞተውን መግደል የለበትም፤ እነዚህ ካመለጡት ደግሞ እንደሚያጠፋው እያወቀ ለሚፈራው ታላቅ ፍርሀት ራሱን አሳልፎ መስጠት አለበት።

የማያየው ዐይን የማን ነው? አስቀድሞ የሞተውስ? ተመልካቾች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኛ የጂካር ዐይን ይመስለናል፤ ሁለተኛውን ሞርደን ነው የሚሉ አሉ፥ ሌላ ሰው ነው የሚሉም አሉ። ሦስተኛው ግን አያከራክርም። ሎንዶ ከሁሉ አብልጦ ሲፈራው የኖረው ያን ሕልም ነው፤ በመጨረሻው ሌሊትም ጂካርን ጠርቶ ጕሮሮውን የሰጠው እርሱ ራሱ ነው። ሕልሙ የሚሆነውን ነገረው እንጂ በምን ልብ እንደሚሆን አልነገረውም። ያን ለእርሱ ተወለት። ስለዚህ ድርሰቱን ሁለተኛ የሚያይ ሰው፥ መጨረሻውን እያወቀም፥ በየክፍሉ ሎንዶ የሚያልፋቸውን በሮች እየቈጠረ «አሁን ተመለስ፥ አሁንስ» ሲል ይገኛል። በመጀመሪያው ጊዜ የምንጓጓው ምን ይሆን እያልን ነበር፤ በሁለተኛው የምንጨነቀው ለሰውየው ነው።

አሁን በልብ ወዳኖርናት ወደ አራተኛይቱ ባቢሎን እንመለስ። በ1993ቱ የሙከራ ፊልም አንድ ነፍሰ ገዳይ ለአዛዡ ለሲንክሌር በአሳብህ ውስጥ ቀዳዳ አለ ይለዋል። ሲንክሌር ከዐሥር ዓመት በፊት ሚንባሪ ከተባሉት ሕዝብ ጋራ በተደረገው ጦርነት የመጨረሻ ቀን ላይ ሃያ አራት ሰዓት ያህል ከትዝታው ጠፍቶበታል፤ ሚንባሪዎቹም በዚያች ቀን ሊያሸንፉ አንድ ርምጃ ሲቀራቸው ያለ ምክንያት እጃቸውን ሰጡ። በ1994 የጠፋችው ጣቢያ ድንገት ትገለጣለች፤ ሰማያዊ የጠፈር ልብስ የለበሰ አንድ የማይታወቅ ሰው በውስጧ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ በክፍሉ መጨረሻ የራስ ቍሩን ሲያወልቅ ያረጀው ሲንክሌር ራሱ ነው። ነገሩ ምን እንደ ሆነ ተመልካች ሁለት ዓመት ያህል ጠበቀ። በ1996 ሲንክሌር ያችን ጣቢያ ይዞ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መልኩም ተለውጦ ሚንባሪዎች ስሙን እየጠሩ የሚምሉበት ቫሌን የተባለው ታላቅ መሪያቸው ይሆናል። በጦርነቱ ቀን የማረኩት ሰዎች በውስጡ የቫሌንን ነፍስ አገኘን ብለው ነበረ እጃቸውን የሰጡት። ነፍስ ከሰው ወደ ሰው ትዘዋወራለች የሚለው የሚንባሪዎች እምነት የእኛ አለመሆኑን መንገር ለዚህ መጽሔት አንባብያን አያስፈልግም፤ ድርሰቱን ለመረዳት ግን ማወቅ ያሻል።

በሲንክሌር ስም የተጫወቱት ሚስተር ማይክል ኦሄር ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከድርሰቱ ወጡ፤ በቦታቸውም ብሩስ ቦክስላይትነር በሌላ አዛዥ፥ በጆን ሼሪዳን ስም ገቡ። ለምን እንደ ወጡ ብዙ ተወራ። ኦሄር በ2012 ዐረፉ፤ በ2013 ስትራዚንስኪ እውነቱን ተናገሩ። ተዋናዩ በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ላይ ሳሉ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ይዟቸው ነበር። ደራሲው ሥራውን አቁመን እስክትድን እንጠብቅህ ቢሏቸው፥ የሌላው ሠራተኛ እንጀራ እንዳይቋረጥ ፈርተው እምቢ አሉ፤ ዓመቱን እንደ ምንም ጨረሱ፥ ከሕክምና በኋላም በ1996 ተመልሰው የሲንክሌርን ታሪክ ፈጸሙ። ምሥጢሩም እስኪሞቱ ድረስ እንዲጠበቅላቸው ለምነው ነበር፥ ተጠበቀላቸውም። ይህን ያወቀ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሲያይ፥ በአሳቡ ቀዳዳ አለበት የተባለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ዝም ሲል፥ ዐይኑ ወደ ሩቅ ሲሄድ፥ ቀድሞ «አጨዋወቱ ደረቅ ነው» ብሎ ያለፈውን ነገር በሌላ ዐይን ይመለከታል። ይህ ንግር አይደለም፤ ማንም አልጻፈውም። ነገር ግን ዳግመኛ ማየት ከሚያሳየን ነገር ሁሉ እኛን አብልጦ የነካን ይህ ነው።

ሁሉ ነገር አስቀድሞ የታሰበ ነበር ብሎ ማመንም የዋህነት ነው። ደራሲው ራሳቸው ለእያንዳንዱ ባለ ታሪክ የማምለጫ በር እንዳዘጋጁ ተናግረዋል፤ ተዋናይ ቢሄድ ታሪኩ እንዳይወድቅ ማለት ነው። አንዳንዱ በር በጥበብ ተከፈተ፥ አንዳንዱ ግን ሲንቋቋ ይሰማል። የሰውን አሳብ የምታነበው ታሊያ ዊንተርስ በ1994 ዕቃን በአሳብ ብቻ የማንቀሳቀስ ስጦታ ይሰጣታል፤ አንዲት ሳንቲም ስታንቀሳቅስም እናያለን። ታላቅ ነገር ይጠብቃታል ያሰኛል። ተዋናይቱ በ1995 ስትሄድ ያ ዘር ሳያፈራ ቀረ፤ ድርሻዋንም ከሙከራው ፊልም በኋላ ጠፍታ የነበረችው ላይታ አሌክሳንደር ተመልሳ ወሰደች። ሁለተኛ የሚያይ ሰው እንዲህ ያሉትን የደረቁ ቅርንጫፎችም ያገኛል። እኛ ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ በሕያዋን ሰዎች የሚሠራ ድርሰት ስለ ሆነ ነው።

ለዚህ መጽሔት አንባብያን ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ክፍል አለ፤ በ1995 የታየው «በጌቴሴማኒ ማለፍ» ነው። ደራሲው ሃይማኖት እንደሌላቸው በግልጽ የተናገሩ ሰው ሲሆኑ መነኰሳትን በዚህ ክፍል እንዳቀረቧቸው አክብሮ ያቀረበ የቴሌቪዥን ጸሓፊ ብዙ አናውቅም። ኤድዋርድ የሚባል ትሑት የካቶሊክ መነኵሴ በጣቢያይቱ ይኖራል። ሚንባሪዎቹ ከእምነቱ ሁሉ ልቡን የሚነካው የትኛው እንደ ሆነ ሲጠይቁት ስለ ጌቴሴማኒ ሌሊት ይነግራቸዋል፤ ጌታ ሊይዙት እንደሚመጡ እያወቀ፥ መሄድም እየቻለ፥ እንዳልሄደ። እርሱ በዚያ ቢሆን ለመቈየት ድፍረት ይኖረው እንደ ሆነ ግን አያውቅም። መጀመሪያ ሲሰሙት ከመነኵሴ የሚጠበቅ መልካም ስብከት ነው። ጥቂት ቈይቶ ኤድዋርድ የራሱን ነገር ያገኛል፤ ብዙ ሰው የገደለ ወንጀለኛ ነበረ፥ በፍርድ ትዝታው ተፍቆ አዲስ ሰው ሆኖ እንዲኖር ተደርጓል፥ አሁንም የሟቾቹ ዘመዶች ሊበቀሉት መጥተዋል። መሄድ ይችላል፤ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ክፍሉን እንደ ገና ያየ ሰው ጆሮው የሚቆመው «አላውቅም» በሚለው ቃሉ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦ ድርሰቱን በቤቱ ሊያይ ለሚፈልግ ጥቂት ምክር እንጨምር። በ2021 ምስሉ ታድሶ እንደ ገና ስለ ወጣ የታደሰውን መፈለግ ይሻላል። ከ1993ቱ የሙከራ ፊልም ይጀመር፤ ቀርፋፋ ነው፥ የመጀመሪያው ዓመትም አንዳንዱ ክፍል ያሰለቻል፥ ነገር ግን የተዘራው በዚያ ነውና አይዘለል። አራተኛው ዓመት የጂካር ሥቃይና ሌላም ጭካኔ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ሁለተኛ የሚያይ ሰው አጠገቡ መጀመሪያ የሚያይ ካለ አፉን ይያዝ። ጂካር ክፉ ነው ሲሉ ይበሉ፤ በቪር ሲሥቁም ይሣቁ። ይህ እንዴት የሚያስቸግር ዝምታ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል፤ ልጅ ዘወር ብሎ የአባቱን ፊት ያያልና ፊትንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

መጨረሻውንም ክፍል በደንብ ይመልከቱት። አምስተኛው ዓመት እንደሚፈቀድ ስላልታወቀ ይህ ክፍል አስቀድሞ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ተቀርጾ፥ ዓመቱ ሲፈቀድ ተቀምጦ ቈይቶ በኖቬምበር 1998 ታየ። ጣቢያይቱ ዘመኗን ጨርሳ ልትፈርስ ሰው ሁሉ ሲወጣ አንድ ሠራተኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ዙሪያውን አየት ያደርግና መብራቱን ያጠፋል። ስም የለውም፥ ቃልም አይናገርም። ያ ሠራተኛ ስትራዚንስኪ ናቸው።